ጥያቄ መንገዱን እንዴት ያገኛል?

በከፋ ምድር፣ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ሺሺንዳ የምትባል ከተማ ትገኛለች። አንድ እንግዳ ነጋዴ ብዙ ኮረሪማ ፈልጎ በገበያ ቀን ወደዚያ ሄደ እንበል። ኮረሪማው በማን እጅ እንዳለ የሚነግረው መዝገብ የለም። ታዲያ ማንን ይጠይቅ?

ነገሩ ተራ ቢመስልም የኮምፒዩተር ሊቃውንትን ከሃያ ዓመት በላይ ያደከመ ጥያቄ ነው። ኮምፒዩተሮች ያለ አንድ አዛዥ፣ አቻ ለአቻ ተያይዘው ያላቸውን ሲለዋወጡ፣ አንዱ የሚሻው ነገር በየትኛው ዘንድ እንዳለ አስቀድሞ አያውቅም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 የተጀመረው ናፕስተር ችግሩን ያቃለለው የሁሉንም ዝርዝር በአንድ ማእከል በመያዝ ነበር። ነገር ግን በ2001 ማእከሉ በፍርድ ቤት ክርክር ምክንያት ሲዘጋ አገልግሎቱም አብሮ ቆመ።

በ2000 የወጣው ግኑቴላ ማእከሉን አስቀረ። ጥያቄ የደረሰው ሁሉ ለጎረቤቶቹ ሁሉ ያስተላልፋል፤ ይኸውም በገበያ መካከል ቆሞ እንደ መጮህ ነው። ጥያቄው ያለ መጨረሻ እንዳይዞር የእርምጃ ገደብ ይደረግለታል፤ የተለመደውም ገደብ 7 ነበር። ሒሳቡን እንመልከት። እያንዳንዱ 4 ጎረቤት ቢኖረውና ከነገረው በቀር ለሦስቱ ቢያስተላልፍ፣ ለአንዲት ጥያቄ እስከ 4,372 መልእክት ይላካል። ጠያቂዎቹ አንድ ሺህ ሲሆኑ መልእክቱ ከአራት ሚሊዮን ሊያልፍ ነው። መረቡ በመልስ ሳይሆን በጩኸት ይሞላል።

ሁለተኛው መንገድ ለአንድ ሰው ብቻ መናገር ነው፤ እርሱም ካላወቀ ለሌላ አንድ ሰው ያስተላልፋል። ጩኸቱ ይቀንሳል፤ መልሱ ግን ይዘገያል። ሦስተኛው በ2001 የቀረበው ኮርድ የተባለው ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር በቁጥር የታወቀ ቦታ አለው፤ ጥያቄውም በየእርምጃው የቀረውን ርቀት በግማሽ ያህል ያሳጥራል። ስለዚህ የሚሻውን በትክክለኛ ስሙ ለሚያውቅ ጠያቂ፣ በሚሊዮን ኮምፒዩተሮች መካከል እንኳ 20 ያህል እርምጃ ይበቃዋል።

ከነዚህ ማናቸው እንደሚሻል ለማወቅ ሚሊዮን ኮምፒዩተር መግዛት አይቻልም። ስለዚህ ሊቃውንቱ መረቡን በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ አስመስለው ይሠሩታል። ለዚህ ከተሠሩት ፕሮግራሞች አንዱ ፒርሲም ነው።

ተማሪ የሆነ ሁሉ ግን ይህን በ16 የቡና ፍሬ ሊሞክረው ይችላል። ፍሬዎቹን በወረቀት ላይ በትኖ፣ እያንዳንዱን ከሦስት ወይም ከአራት ጎረቤት ጋር በመስመር ያገናኝ። ከአንዱ ፍሬ በታች ምልክት ይሸሽግ፤ ከሌላው ጥግ ተነሥቶም መስመር በተሻገረ ቁጥር አንድ መልእክት እያለ ይቁጠር። መጀመሪያ ለሁሉ በማስተላለፍ፣ ቀጥሎም ለአንድ ብቻ በማስተላለፍ ይሞክር። ከዚያም አራት ፍሬ አንሥቶ እንደገና ይቁጠር። ዋናው ትምህርት እዚህ ላይ ነው፤ ዝናብ ገበያተኛውን እንደሚያስቀር ሁሉ፣ ኮምፒዩተርም በማንኛውም ሰዓት ይጠፋል። ሁሉም ዘወትር በቦታው እንደሚገኝ ቆጥሮ የተሠራ ሙከራ በወረቀት ላይ ያምራል፤ በሥራ ላይ ግን ያሳፍራል።

ይህ ነገር ለወጣቱ የመሥሪያ ቤት ባልደረባም ሩቅ አይደለም። አንዲትን ጉዳይ ለክፍሎች ሁሉ በደብዳቤ መበተን እንደ ግኑቴላ መጮህ ነው። ባለጉዳዩን ያለ ምልክት ከበር ወደ በር መስደድም ሁለተኛው መንገድ ነው፤ ከሺሺንዳ ተነሥቶ ቦንጋ የደረሰ ገበሬ ግን የሚከፍለው በመሳፈሪያ ገንዘቡና በእርሻው ቀን ነው። እንግዲህ አዲስ አሠራር ከመደንገጋችን በፊት በሮቹን በወረቀት ላይ እንሣል፤ የባለጉዳዩንም እርምጃ እንቁጠር። አንድ ሹም ከጠረጴዛው ሲታጣ ጉዳዩ የሚቆም ከሆነ፣ ስሕተቱን ከገበሬው በፊት እኛ እንወቀው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ እፍኝ ቡና ብቻ ነው፤ እርሱ ደግሞ በከፋ አይጠፋም።