ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ኢንቴቤ

ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳ የትኬቱን ፎቶ በቴሌግራም ልኳል እንበል። ትኬቱ «ማክሰኞ፣ 00:40» ይላል። ካምፓላ፣ ማኬሬሬ ኮረብታ ላይ ያለው ተቀባይ ማክሰኞን ሥራ ውሎ፣ እራቱን በልቶ፣ ማታ ወደ ኢንቴቤ ኤርፖርት ሊወጣ ጫማውን ሲያስር እንግዳው አንድ ቀን ቀድሞት ገብቷል። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ በሐበሻ ልማድ ግን ሳይነጋ ማክሰኞ የለም። ትኬቱ የሚለው ሰኞ አምሽቶ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40፣ ለማክሰኞ አጥቢያ ነው። እንግዳ ለመቀበል የት እንደሚጠበቅ ከማወቅ በፊት መቼ የሚለውን ማጥራት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በዚህ ረገድ ካምፓላ ለሐበሻ አንድ ምቾት አላት። የአካባቢው ቋንቋ ሉጋንዳ ሰዓቱን እንደ አማርኛ ከንጋት ይቆጥራል። ጠዋት አንድ ሰዓት «ሳዋ ኤሙ» ነው፤ እኩለ ቀንም ሆነ እኩለ ሌሊት «ሳዋ ሙካጋ» ይባላል፣ ስድስት ሰዓት ማለት ነው። «ሳዋ» የሚለው ቃል ራሱ በስዋሂሊ በኩል ከዐረብኛ የገባ የእኛው «ሰዓት» ዘመድ ነው። አስቸጋሪው ነገር ያው ሰው ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር አቆጣጠሩንም አብሮ ማዞሩ ነው። የ«ስፔሻል ሃየር» ሾፌር (ካምፓላ የኮንትራት ታክሲን የምትጠራው እንዲህ ነው) በሉጋንዳ ስምንት ሰዓት ካለ ከቀኑ ወይም ከሌሊቱ 8 ማለቱ ነው፤ በእንግሊዝኛ ስምንት ካለ ግን ጠዋት 2 ወይም ማታ 2። የኢትዮጵያና የኡጋንዳ ሰዓት እኩል ስለሆነ ሌላ የሚደመርና የሚቀነስ ነገር የለም። ብልህ ተቀባይ ታዲያ ለሾፌሩ ሰዓት ነግሮ አይተወውም፤ የበረራ ቁጥሩንም ይልክለታል። አውሮፕላኑ ሲዘገይ ሁለቱም በየስልካቸው ያዩታል።

ማኬሬሬ እ.ኤ.አ. በ1922 (ከዚህ በኋላም ዓመቱም ወሩም ሁሉ የፈረንጅ ነው) የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሆኖ የተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ያለበት ኮረብታ ነው፤ ጁሊየስ ኔሬሬና ምዋይ ኪባኪ የተማሩት እዚህ ነው። ከዚህ ኮረብታ እስከ ኢንቴቤ ኤርፖርት መንገዱ 40 ኪሎ ሜትርን ያልፋል። ርቀቱ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ቀን ላይ በታክሲ የሚሄድ ሰው (እዚያም እንደ አዲስ አበባ ታክሲ ማለት ሚኒባስ ነው) ከማኬሬሬ አጠገብ ካለው ከዋንዴጌያ ወደ መሀል ከተማው የታክሲ መናኸሪያ ይወርዳል፣ የኢንቴቤውን ይሳፈራል፣ በአሮጌው መንገድ ካጃንሲን አልፎ ኢንቴቤ ውስጥ ኪቶሮ ይደርሳል። ሚኒባሱ እስከ ተርሚናሉ ስለማይዘልቅ የቀረችው መንገድ በቦዳ ቦዳ፣ በሞተር ሳይክል ታክሲ ነው። በመውጫ ሰዓት ይህን መንገድ የሞከረ ሰው ከአዲስ አበባ ኢንቴቤ ያለው በረራ ሁለት ሰዓት ገደማ መሆኑን ሲሰማ ፈገግ ይላል። አንዳንዴ እንግዳው ሰማይ ላይ የሚቆየውን ያህል ተቀባዩ መንገድ ላይ ይቆያል።

መኪና ያለው ሌላ ምርጫ አለው። ከማኬሬሬ በናኩላብዬ አድርጎ፣ የቡጋንዳ ነገሥታት የተቀበሩበትን ካሱቢን አልፎ፣ ናሙንጎና ላይ የሰሜኑን ቀለበት መንገድ ከያዘ መሀል ከተማውን ሳይነካ ቡሴጋ ይደርሳል። ፈጣኑ የካምፓላ ኢንቴቤ መንገድ የሚጀምረው እዚያ ነው። በ2018 ተመረቀ፤ በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር የተሠራ ሲሆን ወደ ሙንዮንዮ የሚገነጠለውን ክንፍ ጨምሮ 51 ኪሎ ሜትር ነው። የናምቢጊርዋን ረግረግ የሚሻገርበት ድልድይ ብቻውን 1.4 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከጥር 2022 ጀምሮ የቤት መኪና 5,000 ሽልንግ ይከፍልበታል፤ ቦዳ ቦዳ ግን ፈጽሞ አይገባበትም። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከሚበዙበት ከካባላጋላ የሚነሣ ሰው በሙንዮንዮ ክንፍ ይገባል፤ የማኬሬሬ ሰው በቡሴጋ። አበሻ አበሻን «በየት በኩል ነው የምትመጣው?» ሲል ከሰፈሩ አልፎ የሚከፍለውንና የሚደርስበትን ሰዓት መጠየቁ ነው።

ቀድሞ የደረሰ ሰው ኤርፖርቱ በር ላይ መገተር የለበትም። ከተርሚናሉ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወዲህ ኢንቴቤ ከተማ አለች፤ ቪክቶሪያ ሞል አለ፣ በ1898 የተቋቋመው የዕፅዋት አትክልት ቦታ አለ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ አለ። ቀን ከሆነ ሐይቁ ዳር ዓሣ እየበሉ የበረራውን ቁጥር በስልክ መከታተል ከየትኛውም የመኪና ማቆሚያ ይሻላል። ሌሊት ሲሆን ነገሩ ይለያል። አንዳንድ ሌሊት «ሳሚ» የሚባሉት የሐይቅ ዝንቦች መብራት ያለበትን ሁሉ እንደ ጢስ ይሸፍኑታል። አይናከሱም፤ አፍ ከፍቶ መሳቅ ግን አይቻልም።

ከዚያ በኋላ ፍተሻው ይመጣል። ወደ ተርሚናሉ ከመድረሱ በፊት ተሳፋሪው ሁሉ ከመኪናው ወርዶ በእግሩ በመፈተሻው ያልፋል፤ ሾፌሩ ብቻ መኪናውን ይዞ ለብቻው ይፈተሻል። ሕፃን የያዘች ሴትም፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌም ወርደው ያልፋሉ። ቤተሰቡን ሁሉ በአንድ ሚኒቫን ጭኖ የመጣ ተቀባይ ይህን ያላሰበ እንደሆነ አውሮፕላኑ አርፎ እሱ ገና ሰልፍ ላይ ነው።

ኢንቴቤ መጠበቅን ከብዙ ኤርፖርቶች በላይ ያውቀዋል። በየካቲት 1952 አባቷ ኬንያ ሳለች የሞተባት ወጣት ኤልሳቤጥ ንግሥት ሆና ወደ ለንደን ስትመለስ አውሮፕላን የቀየረችው እዚህ ነበር፤ ነጎድጓዳማ ዝናብ ይዟት ሰዓታት ቆይታለች። በ1976 ደግሞ የተጠለፈው የኤር ፍራንስ አውሮፕላን መንገደኞች በአሮጌው ተርሚናል ለቀናት ታግተው ከርመው፣ ለሐምሌ 4 አጥቢያ በሌሊት የእስራኤል ኮማንዶዎች ከ100 በላይ የሚሆኑትን አስለቀቁ። የዛሬ እንግዳ የሚወጣው በዚያ ሕንፃ አይደለም። ብዙ ጎብኚ ግን አሁንም የት እንደነበር ይጠይቃል።

የመድረሻው በር ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው የስም ሰሌዳ ነው። ጎሪላ ሊያዩ የመጡትን የሚጠብቁ አስጎብኚዎች የታተመ ሰሌዳ ይዘዋል፤ የሆቴል ሾፌሮች በማርከር የተጻፈ ወረቀት። እዚህ ላይ አበሻ ይሳሳታል። ሾፌሩ የጻፈው ከፓስፖርቱ የመጨረሻውን ስም ነው፤ ያ ደግሞ የአባት ወይም የአያት ስም ነው። እንግዳው የአያቱን ስም ፊት ለፊት አይቶ «የሌላ ሰው ነው» ብሎ ያልፋል። ሰሌዳ የሚያስጽፍ ሰው የመጀመሪያውን ስም በአማርኛ ፊደል ቢያስጽፍ ማንም አይሳሳትም፤ ሾፌሩ ወረቀቱን ዘቅዝቆ እስካልያዘው ድረስ።

አውሮፕላኑ ማረፉና እንግዳው መውጣቱ አንድ አይደለም። በመካከል የፓስፖርት ሰልፍ፣ ኡጋንዳ የምትጠይቀው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ፣ የሻንጣ ጥበቃ አለ። እንግዳው ያመጣው ሲምካርድ ሮሚንግ ከሌለው ዝም ይላል። የኤምቲኤን ወይም የኤርቴል ሲም እስኪገዛ ድረስ ተቀባዩ በቴሌግራም የሚያየው ያልተነበበ መልእክት አንድ ጭረት ነው። ስለዚህ ቦታው አስቀድሞ መነገር አለበት፣ ያውም የማይንቀሳቀስ ነገር ተጠቅሶ። «ነጭ ቶዮታ አጠገብ ነኝ» ማለት ካምፓላ ውስጥ ምንም እንዳልተናገሩ ነው።

ቦሌ ላይ ይህ ሁሉ ሌላ መልክ አለው። ተቀባይ ሕንፃው ውስጥ አይገባም፤ አበባ የያዘው ቤተ ዘመድ ውጪ መኪና ማቆሚያው ዘንድ ቆሞ የሻንጣ ጋሪዎቹን በዓይኑ ይከተላል፣ እልልታው የሚሰማውም ከዚያ ነው። ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ደለስ ኤርፖርት ደግሞ ሾፌሮች ያለ ክፍያ መኪናቸው ውስጥ ሆነው ስልክ የሚጠብቁበት የተለየ ሜዳ አለ። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያሉ ቦታዎች የበዙት ከመስከረም 2001 ጥቃት ወዲህ፣ በተርሚናል በር ላይ መኪና አቁሞ መጠበቅ ሲከለከል ነው። እዚያ እንግዳው ሻንጣውን ይዞ ይደውላል፣ መኪናው በደቂቃዎች ውስጥ ይመጣል። ኢንቴቤ ላይ ግን የፍተሻው በር በመካከል ስላለ የደለስ ዘዴ አይሠራም፤ ቀድሞ ገብቶ፣ ለማቆሚያው ከፍሎ፣ በሩ ፊት መቆም ይሻላል።

እንግዳው በፕላስተር የተጠቀለለ ካርቶን እየገፋ ይወጣል። ካርቶኑ ሲከፈት በርበሬውና ሽሮው መኪናውን ያውደዋል፣ ሾፌሩም ምንነቱን ይጠይቃል። ለመመለሻው ሌላ 5,000 ሽልንግ መያዝ ያስፈልጋል።