ኩላሊትም ያረጃል፦ ገጠር ላሉ ወላጆቻችን ማወቅ ያለብን



ወላጆቻቸውን ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ ለህክምና የሚያመጡ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁት ጥያቄ አለ፦ «አባባ ስኳር የለባቸውም፣ ታዲያ ኩላሊታቸው ለምን ደከመ ተባለ?»

መልሱ በከፊል ዕድሜ ነው። አንድ ኩላሊት በአማካይ 1 ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች (ኔፍሮኖች) አሉት። ከተወለድን በኋላ አዲስ ኔፍሮን አይፈጠርም፤ የሞተው ሞተ ነው። ከ40 ዓመት ገደማ ጀምሮ የማጣራት አቅማችን ቀስ በቀስ ይቀንሳል።

ሴሉ ውስጥ ምን ይፈጠራል?

ኩላሊቶቻችን በቀን 180 ሊትር ገደማ ፈሳሽ ያጣራሉ። ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን ከ1 እስከ 2 ሊትር ነው። ቀሪውን ወደ ደም የሚመልሱት የቱቦ ሴሎች ናቸው። ይህ ከባድ ሥራ ብዙ ኦክሲጅን ይፈልጋል። የጭስ ማውጫ ያለው ማድ ቤት አስቡ፦ እሳቱ ጉልበት ይሰጣል፣ ጭሱ ደግሞ ይወጣል። የሴሉ ጭስ «ፍሪ ራዲካል» ይባላል፤ የሚያስወግደው አንቲኦክሲዳንት ነው። ስናረጅ ጭሱ ይበዛል፣ ማውጫው ይጠባል። ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ማለት ይኸው ነው። የተጎዳው ሴል መከፋፈል ያቆማል፣ ጎረቤቶቹንም ያስቆጣል፤ በመጨረሻ ቦታውን ጠባሳ ይይዘዋል።

ታዲያ የአንቲኦክሲዳንት ኪኒን እንግዛላቸው?

አይ። የሰውነትን የመከላከያ ሥርዓት ያነቃቃል የተባለ ባርዶክሶሎን የተባለ መድኃኒት ስኳርና ከባድ የኩላሊት ድካም ባለባቸው ሰዎች ላይ ሲሞከር የልብ ድካም ስላበዛ፣ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2012 እንዲቆም ተደርጓል። ቫይታሚን ሲም ቢሆን ሲበዛ ለኩላሊት ጠጠር ያጋልጣል።

የሚጠቅመው ይህ ነው፦

1. የህመም ማስታገሻ። ዳገት ቁልቁለቱን ሲወጡ ሲወርዱ የኖሩ እናትና አባት ጉልበታቸውን ቢያማቸው አይገርምም። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግን ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ። በተለይ ተቅማጥ ወይም ትውከት ሲኖር፣ ወይም የደም ግፊት መድኃኒት ሲወስዱ አደጋው ይብሳል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝታችሁ አትላኩላቸው።

2. ደም ግፊት። ባያማቸውም ይለኩ፤ ጨው ይቀንሱ። ሲጋራ ካለ ይቁም።

3. ምርመራ። የከሱ አዛውንት ጡንቻቸው ስለሚቀንስ ክሪያቲኒን «ኖርማል» ሆኖ ሊያሳስት ይችላል። የማጣራት አቅማቸው (ጂ.ኤፍ.አር) እንዲሰላና ሽንታቸው ለፕሮቲን እንዲታይ ጠይቁ። ፕሮቲን ከሌለና ቅነሳው ትንሽ ሆኖ ከቆየ፣ ብዙ ጊዜ የዕድሜ ነገር ነው፤ አትደንግጡ።

ይህን ሁሉ የምንለው ያለምክንያት አይደለም። በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ተደርጓል፤ ነገር ግን ለጋሽ ይፈልጋል። ዲያሊሲስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን ነው። ለወገዳ ገበሬ ይህ ማለት ከብቱንና ማሳውን ትቶ ከተማ መክረም ነው።

ለበዓል አገር ቤት ስትገቡ ከስጦታው ጋር አንድ ነገር ጨምሩ፦ ወላጆቻችሁን ወደ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ግፊታቸውን አስለኩ፣ የሚወስዱትን ኪኒን ሁሉ አንድ በአንድ አሳዩ።

ለወንድም ለእህቶቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።