የፒስተኑ ቀስት ወዴት ያመለክታል?

ከግቤ ሸለቆ ተነሥቶ ወደ ወልቂጤ የሚወጣ የጭነት መኪና ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ወንዙ ከባሕር ጠለል በላይ 1,100 ሜትር፣ ከተማዋ ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ ሞተሩ ጭነቱን ይዞ 800 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት አለበት። እንዲህ ባለ መንገድ የሚመላለስ ሞተር ውሎ አድሮ «መውረዱ» አይቀርም። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ሞተር ሲወርድ ቴስታታው ይነሣል፤ ፒስተኖቹ ከነቢየላቸው ይወጣሉ፤ ያረጀው ፋሻ በአዲስ ይተካል። (ቢየላና ቴስታታ ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ቃላት ናቸው።) እኛ ዛሬ የምናተኩረው ግን ደቂቃ በማይፈጅ አንድ ጥንቃቄ ላይ ነው፤ ይኸውም ፒስተኑን ፊቱን ለይቶ ወደ ቦታው መመለስ ነው።

ፒስተን ክብ ስለሆነ ፊትና ኋላ ያለው አይመስልም። አናቱ ላይ የተጋገረው ጥቀርሻ ሲጠረግ ግን ትንሽ ቀስት ወይም ነጥብ ብቅ ትላለች። ምልክቷ ወደ ሞተሩ ፊት፣ ማለትም በአብዛኛው የታይሚንግ ሰንሰለቱ ወይም ቀበቶው ወዳለበት ወገን መዞር አለባት። የሞተሩ ፊት ስንል የመኪናው ፊት ማለታችን አይደለም። በቪትዝ ሞተሩ አግድም ስለተቀመጠ «ፊቱ» ወደ መኪናው ጎን ነው፤ ጀማሪን የሚያሳስተውም ይኸው ነው።

ለመሆኑ አቅጣጫው ይህን ያህል ለምን አስፈለገ? ቢየላው ዘንበል ብሎ ስለሚሠራ በፒስተኑ ላይ ያረፈው ኃይል ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ክራንክ ሻፍቱን ያዞራል፣ ሌላው ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል። ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ ሲመለስ ቢየላው ወደ ሌላው ወገን ስለሚያዘነብል፣ ፒስተኑም ከአንደኛው ግድግዳ ወደ ተቃራኒው ይሻገራል። ይህ የሚሆነው ነዳጁ በሚቀጣጠልበት ቅጽበት ነው። በደቂቃ 3,000 ጊዜ በሚዞር ባለ አራት ምት ሞተር፣ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ በሰከንድ 25 ጊዜ ይደጋገማል። ስለዚህ በብዙ የቤንዚን ሞተሮች ፒስተኑን ከቢየላው ጋር የሚያያይዘው ፒን ከመካከል አንድ ሚሊሜትር ያህል ፈቀቅ ብሎ፣ ከባዱን ጫና ወደሚሸከመው ግድግዳ ተጠግቶ ይሠራል። ፒስተኑ ቀድሞ ጥቂት ያዘነብልና በእርጋታ ይሻገራል። ተገልብጦ ከገባ ግን ግድግዳውን ይመታል፤ በተለይ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ድምፁ ጎልቶ ይሰማል።

በናፍጣ ሞተር ጉዳዩ ከድምፅ ያልፋል። ነዳጅ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ በሚረጭባቸው ብዙ የጭነት መኪኖች፣ ፒስተኑ አናት ላይ ያለው ጎድጓዳ ማቃጠያ ከመካከል ወጣ ያለ ነው፤ ነዳጅ የሚረጨው አፍንጫ በሰያፍ ስለተተከለ። ፒስተኑ ከዞረ ነዳጁ ጎድጓዳውን ስቶ ብረቱን ይመታል። ያኔ ጥቁር ጭስ ይበዛል፤ ጉልበት ይቀንሳል፤ ፒስተኑም እስከ መቃጠል ሊደርስ ይችላል። ለቫልቭ የተቆረጠ ቦታ ያላቸው ፒስተኖችማ ቫልቭ ሊያጣምሙ ይችላሉ።

ቀስቱ ትክክል ሆኖ ቢየላው ተገልብጦ ሊታሰርም ይችላል። አንዳንዱ ቢየላ ዘይት የሚረጭበት ቀዳዳ በአንድ ጎኑ ስላለው የራሱ ምልክትም መታየት አለበት። የቢየላውን ክዳን ከሌላው ጋር ማለዋወጥም ክልክል ነው፤ ሁለቱ የተፈለፈሉት በአንድነት ታስረው ነውና። ስለዚህ ገና ሳይፈታ ሁሉም በተራ ቁጥሩ ምልክት ይደረግበታል።

ብዙ መካኒኮች ሞተሩን ከማስነሣታቸው በፊት ክራንክ ሻፍቱን ሁለት ዙር በእጅ ያዞራሉ። መልካም ልማድ ነው፤ ቫልቭ ከፒስተን ጋር የሚጋጭ ከሆነ ይጠቁማል። ፈቀቅ ያለው ፒንና ጎድጓዳው ግን በተሳሳተ አቅጣጫ ቢገቡም ሞተሩ በእጅ ሲዞር እክል አያሳይም። ስሕተቱ የሚታወቀው ሁሉም ታስሮ መኪናው መንገድ ከወጣ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቴስታታው እንደገና ይነሣል፤ አንዴ የተጨመቀው ጋስኬት ስለማይደገም ሌላ ይገዛል፤ ባለ መኪናውም ገቢውን አጥቶ እንደገና ጋራዥ በር ላይ ይጠብቃል።