ከ«ዊል» ቀጥሎ ያለችው ክፍት ቦታ

በመካከላችን ይቅርና፣ እንግሊዝኛ ጽሑፍ የምናርም ሰዎች ገጹን ስንቀበል ዐይናችን ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ረዳት ግሶቹ፣ ወደ ዊል፣ ካን፣ ማስት እና ሹድ ነው። ከእነሱ ቀጥሎ ያለችው ቦታ የተውሳከ ግስ መቀመጫ ናት። «ሺ ካን ኦልዌይስ ካም» ሲባል ዐረፍተ ነገሩ ያለ ጭንቅ ይፈስሳል። የእኛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ «ሺ ኦልዌይስ ካን ካም» ብሎ ይልክልናል። አማርኛችን «ሁልጊዜ መምጣት ትችላለች» ብሎ መቻሉን መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣ፣ «ሁልጊዜ»ን ማስቀደም ለምዶብናል። ይህ ጨርሶ ስሕተት አይደለም፤ «ካን»ን አጥብቆ ለሚናገር ሰው ይሆናል። ለተራ ወሬ ግን ይከብዳል።

ረዳት ግሶቹ ሲደራረቡም ያው ነው፤ ከመጀመሪያው ቀጥሎ፦ «ሂ ዊል ፕሮባብሊ ሃቭ ሌፍት»። አደራረግን የሚገልጸው ግን ዋናውን ግስ ተጠግቶ ይቀመጣል፦ «ኢት ማስት ቢ ኬርፉሊ ዋሽድ»።

አሁን ብዙ የማይነገረውን ልንገራችሁ። በሙያው ውስጥ «ረዳቱንና ግሱን አታለያዩ» የሚል አጉል እምነት ኖሯል፤ የእንግሊዝኛ አጠቃቀም መዝገበ ቃላት አዘጋጁ ፋውለር ገና በ1926 እ.ኤ.አ. ተቃውሞታል። ጃንዋሪ 20 ቀን 2009 ዋሽንግተን ላይ የሆነውን አስታውሱ። በአሜሪካ ሕገ መንግሥት የተጻፈው የፕሬዚዳንት ቃለ መሐላ «አይ ዊል ፌይዝፉሊ ኤክሲኪዩት» ይላል። ዋና ዳኛ ጆን ሮበርትስ ሲያስምሉ «ፌይዝፉሊ»ን ወደ መጨረሻ ወሰዱት፤ ባራክ ኦባማም መሐል ላይ ቆም አሉ። በማግስቱ ዋይት ሀውስ ውስጥ መሐላው ተደገመ። የቋንቋ ሊቁ ስቲቨን ፒንከር በኒው ዮርክ ታይምስ ጥፋቱን ያሳበቡት በዚሁ እምነት ነው። የዳኛውን ልብ ማን ያውቃል፤ እኔ ግን የፒንከር ግምት ያሳምነኛል፤ ያን ሕግ የተጋቱ አራሚዎች እጅ እንዴት ጤነኛ ዐረፍተ ነገር እንደሚሰብር አይቻለሁና።

ወደ ተውሳከ ግሱ ስንመለስ፣ መቀመጫው የሚዛወረው አፍራሹ ቃል («ኖት») አጥሮ ከረዳት ግሱ ጋር ሲጣበቅ ነው፦ «ሂ ፕሮባብሊ ወንት ካም»። ከሁሉ ይበልጥ የምጠነቀቀው ግን «ሪሊ»ን ነው። «አይ ሪሊ ካንት አግሪ» ያለ ሰው በሩን ዘግቷል፤ «አይ ካንት ሪሊ አግሪ» ያለው ግን አለመስማማቱን በለዘበ አነጋገር መናገሩ ነው። ለአሠሪ ወይም ለኤምባሲ የሚላክ ደብዳቤ ላይ «ሪሊ»ን ካገኘኋት፣ ጸሐፊውን የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ሳልጠይቅ አላልፋትም።