ምዕራፍ 3፦ ቁርን ስለሚከለክል ግድግዳ

አዲስ ቤት ለመሥራት የተነሣ ሰው፣ ቦታውን ካስለካና ከግንበኛው ጋር ከተዋዋለ በኋላ፣ ስለ ግድግዳው የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ ዋጋውንና ጥንካሬውን ብቻ ነው፤ ነገር ግን በደጋ ለሚኖር፣ ይልቁንም ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ ለሚኖር ሰው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑ ከ20 ዲግሪ በላይ ሞቆ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ፣ ግድግዳ ጣራን ከመሸከም አልፎ የቀኑን ሙቀት ለሌሊቱ ቁር ማቆየት ይገባዋል።

ግድግዳ ሙቀትን ይከለክላል፣ ሙቀትንም ያከማቻል፤ እነዚህ ሁለቱ ግን በአንድ ነገር ላይ እምብዛም አይገናኙም። ድንጋይ፣ ሸክላና ጭቃ ክብደት ስላላቸው ያከማቻሉ፤ አየር የቋጠረ ቀላል ነገር ደግሞ ይከለክላል። የጋቢ ሙቀት በድርና በማጉ መካከል ተይዞ ከቆመው አየር እንደሚገኝ ሁሉ፣ የግድግዳም ከለላነት ከዚያው ከቆመ አየር ይገኛል፤ ድንጋይ ከእንዲህ ያለው አየር ከ60 እጥፍ በላይ ሙቀት ያሳልፋልና። በትግራይ ህድሞ የሚባለው ቤት ወፍራም የድንጋይ ግንብ የቀኑን ፀሐይ ተቀብሎ ግማሽ ቀን ያህል አዘግይቶ ወደ ውስጥ የሚያደርሰው በማከማቸቱ ነው።

ባለ 20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለ ሆነ ብርድን ይከለክላል ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው። ዳሩ ግን ቀዳዳው ሰፊ በመሆኑ፣ በሞቀው ፊት ያለው አየር ወደ ላይ ሲወጣ በቀዘቀዘው በኩል ያለው ወደ ታች እየወረደ ያለ ዕረፍት ስለሚዞር፣ ሙቀቱን ከውስጥ ተቀብሎ ለውጭ ያስረክባል። ለዚህም ምስክሩ በክረምት ቁም ሳጥኑ ከጥግ ፈቀቅ ሲደረግ የሚታየው ጥቁር ሻጋታ ነው፤ ከሰው እስትንፋስ፣ ከድስትና ከጀበና የወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛውን ግድግዳ ሲነካ ወደ ውኃነት ተመልሶ ያበቅለዋል። ውኃም ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ሙቀት የሚያሳልፍ ስለ ሆነ፣ የራሰ ግድግዳ ከደረቀው ይልቅ ብርድ ያስገባል።

ጭቃ የድህነት ምልክት ተብሎ መናቁ ያሳዝነኛል። ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ፣ ሰንብቶ ከቦካ በኋላ በቋሚና በማገር ላይ ሲመረግ፣ ጭዱ ስንጥቅን ይከላከላል፣ ጥቂትም አየር ይይዛል። ጉዳቱ ያለው ከሥሩ ነው፤ የጣራው ክፈፍ አጭር ከሆነ የዝናቡ ፍንጣቂ የቋሚውን እግር ያበሰብሰዋል፣ ምስጥም ይገባበታል። ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ቢቆምና ሰፊ ክፈፍ ቢደረግለት ግን፣ ፎቅ ለሌለው ቤት ከባዶ ብሎኬት አላሳንሰውም።

አቅም ላለው ሰው የምመርጥለት፣ ከውስጥ ብሎኬት ወይም ሸክላ፣ ከውጭ ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፎም ሳይቋረጥ ዙሪያውን የለበሰበትን፣ በላዩም መረብ ተደርጎ የተለሰነበትን ግድግዳ ነው፤ ይህ ስስ ፎም 1 ሜትር ያህል ውፍረት ካለው ጥቅጥቅ የሸክላ ግንብ ጋር የሚስተካከል ከለላ አለውና። ከውስጥ ቢደረግ ግን ከባዱ ግድግዳ በብርዱ በኩል ቀርቶ ያከማቸው ሙቀት ለነዋሪው አይተርፍም፤ የኮንክሪት ምሰሶውና ቢሙም ከውጭ ራቁታቸውን ቀርተው ብርዱን እየሳቡ ወደ ውስጥ ያስገባሉ። ፎም በእሳት የሚቀጣጠል ስለ ሆነ፣ አንድም ክፍሉ ያለ ልስን መተው የለበትም። ቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ከሌለ፣ ከኮርኒሱም በላይ ሙቀት የሚከለክል ነገር ካልተነጠፈ፣ በግድግዳው ላይ ወጪ ተደርጎበት የተያዘው ሙቀት በጣራ በኩል ያመልጣል።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ የግድግዳው ውፍረት የመሠረቱን ስፋት፣ የመስኮቱን ደፍና የክፈፉን ርዝመት የሚወስን ስለ ሆነ፣ ይህን ምርጫ መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት ወስነህ በፕላኑ ላይ አስጽፈው።