የልብ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ዲክሎፌናክ አይወስድም!

ዛሬ ከተረኛነት የወጣሁት ተናድጄ ነው። የልብ ቫልቭ ተቀይሮላት ከሦስት ሳምንት በፊት በእግሯ ሄዳ የተሸኘች ልጅ ፊቷና እግሯ አብጦ፣ ሽንቷ ጠፍቶ ተመለሰች። ቤተሰቡ «ኦፕራሲዮኑ ነው ኩላሊቷን የገደለው» ይላል። ከቦርሳዋ የወጣው ግን ባዶ የዲክሎፌናክ እሽግ ነው። ደረቷን ሲያማት የሰፈር ፋርማሲ ያለ ማዘዣ ሸጦላት።

1. ቀዶ ሕክምናው ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል? አዎ። ልብ ቆሞ ማሽን ደሙን ሲያዘዋውር ለኩላሊት የሚደርሰው ደም ሊያንስ ይችላል፤ ቀይ የደም ሴሎችም ይሰባበራሉ። ይህ ግን አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ገና እኛ ጋ ተኝቶ ሳለ ይታያል። ክሬቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) በ48 ሰዓት ውስጥ በ0.3 mg/dL ከጨመረ፣ ወይም 50 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለ6 ሰዓት በሰዓት ከ25 ሚሊ ሊትር በታች ከሸና ኩላሊቱ ተጎድቷል እንላለን። ብዙዎቹ ያገግማሉ፤ እጥበት የሚያስፈልጋቸው ጥቂቶች ናቸው።

2. ዲክሎፌናክ። ኩላሊት ደም ሲያንሰው የደም መግቢያውን የሚያሰፋ ኬሚካል ያመነጫል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ይህንኑ ኬሚካል ያግዳሉ። የልብ ታማሚ ደግሞ ብዙ ጊዜ ላሲክስና ኢናላፕሪል ላይ ነው። ላሲክስ ፈሳሹን ይቀንሳል፣ ኢናላፕሪል የደም መውጫውን ያሰፋል፣ ዲክሎፌናክ መግቢያውን ያጠባል። ታዲያ ኩላሊቱ በምን ግፊት ያጣራ? ደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን የሚወስድ ከሆነ ደግሞ የጨጓራ መድማት አደጋ ይጨመርበታል።

«በመርፌ ከሆነ አይጎዳም» የምትሉ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ! በመርፌም ገባ በአፍ ኩላሊት የሚደርሰው በደም ነው።

ጎረቤት ደግሞ «ውሃ በብዛት ጠጪ፣ ኩላሊትሽን ያጥበዋል» ብሏታል። ልቧ የደከመ፣ ሽንት የማትሸና ልጅ! ውሃው ሳንባዋ ላይ ነው የተኛው።

የመውጫ ወረቀቷንም አየሁት። መውሰድ የሌለባት መድኃኒት በእንግሊዝኛ፣ ያውም በምሕጻረ ቃል ተጽፏል። እናቷ እኮ አማርኛ አንባቢ ናቸው። ሁለት መስመር በአማርኛ መጻፍ ምን ይከብዳል? ክሬቲኒን መቼ እንደምትለካም አልተጻፈም። ይህን በስብሰባ ስንት ጊዜ አነሳን! ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ወረቀቱ ግን እስከ ዛሬ ያው ነው።

ቤታችሁ ልቡን የተሠራ ሰው ካለ ዛሬ ማታ የመድኃኒት ከረጢቱን ፈትሹ። ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ካገኛችሁ እንዳይወስድ አድርጉና ለሐኪሙ ደውሉ። ሽንቱ ከቀነሰ ወይም እግሩ ካበጠ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን አምጡት።