ቁስል ደፋኙ ዕጢን ሲያገለግል

ሐኪም ቤት የተመላለሰ ሰው ሁሉ ሲቢሲ የሚሉትን የደም ምርመራ ያውቀዋል። ውጤቱ ሲመጣ የምንጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ነው፦ ደሜ አንሷል ወይ? ኢንፌክሽን አለብኝ ወይ? ወረድ ብላ የተጻፈችውን የፕላትሌት ቁጥር ዝቅ ካላለች በቀር ልብ የሚላት ጥቂት ነው። ይህች ቁጥር ከፍ ስትልም የምትናገረው አላት፤ በማህፀንና በአካባቢው ካንሰር ለሚያዙ ሴቶች ደግሞ የምትናገረው ቀላል አይደለም።

ፕላትሌት በደማችን ውስጥ ከሚዘዋወሩት ሕዋሳት ሁሉ ትንሹ ነው። ሙሉ ሕዋስ እንኳ አይባልም፤ መቅኔ ውስጥ ከሚኖረው ሜጋካርዮሳይት ከተባለ ግዙፍ ሕዋስ የተቆረሰ፣ ኒውክለስ የሌለው ቁራሽ ነው። ዕድሜው ከ7 እስከ 10 ቀን ቢሆን ነው። በጤናማ ሰው በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ፣ ይኸውም ከአንዲት ጠብታ እጅግ ባነሰ መጠን፣ ከ150,000 እስከ 450,000 ይገኛል። ቢላዋ ጣት ሲቆርጥ ፈጥኖ ደርሶ፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ ቀዳዳውን ይደፍናል። ከዚያ በውስጡ የያዛቸውን የእድገት ንጥረ ነገሮች ያፈሳል፤ በነሱም አዲስ የደም ሥር ይበቅላል፣ ቁስሉም ይጠግጋል። ይህን ሁለተኛ ሥራውን አንባቢ ይያዝልኝ፤ ዕጢ የሚፈልገው እሱን ነው።

ካንሰርና የደም መርጋት እንደሚተዋወቁ ሐኪሞች ካወቁ ቆይቷል። ፈረንሳዊው ሐኪም አርማን ትሩሶ እ.ኤ.አ. በ1865 ያለ ግልጽ ምክንያት የሚረጋ ደም የተደበቀ ካንሰር ምልክት ሊሆን እንደሚችል አስተማረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ ምልክት በራሱ አካል ላይ አየ፤ በዚያው ዓመት በጨጓራ ካንሰር ሞተ።

ለእንቁልጢ (ኦቫሪ) ካንሰር ነገሩን ፍንትው አድርጎ ያሳየው ግን እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣው ጥናት ነው። በሂዩስተን የኤም ዲ አንደርሰን ካንሰር ማዕከል ተመራማሪው አኒል ሱድና ባልደረቦቻቸው የ619 ታማሚ ሴቶችን መረጃ መረመሩ። ከመካከላቸው 31 በመቶ የሚሆኑት በሽታው ሲታወቅ ፕላትሌታቸው ከ450,000 በላይ ነበር። የነዚህ ሴቶች በሽታ ይበልጥ የተስፋፋ፣ በሕይወት የቆዩበትም ጊዜ ያጠረ ሆኖ ተገኘ።

ለምን? ዕጢው ኢንተርሊውኪን-6 የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል። ይህ ጉበት ሲደርስ ጉበት ትሮምቦፖይቲን የተባለውን ሆርሞን አብዝቶ ያወጣል፤ መቅኔም ያንን ትእዛዝ ተቀብሎ ፕላትሌት ያመርታል። ጉበትም መቅኔም ጤነኞች ናቸው፤ የታዘዙትን ነው የሠሩት። የበዙት ፕላትሌቶች ዕጢው ዘንድ ደርሰው ለቁስል የተዘጋጀውን ስንቃቸውን ለሱ ያራግፋሉ። ከዕጢው ተገንጥለው በደም የሚጓዙትን የካንሰር ሕዋሳትም ዙሪያቸውን ከበው ከሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ይጋርዷቸዋል። ተመራማሪዎቹ በአይጦች ላይ ይህን ሰንሰለት ሲበጥሱት ፕላትሌቱ ቀነሰ፤ የዕጢውም እድገት አብሮ ቀነሰ። ይህን ሳነብ ነው ቁጥሯ ተመልካች ብቻ እንዳልሆነች የገባኝ።

በማህፀን በር እና በማህፀን ውስጠኛ ግድግዳ ካንሰርም ከፍ ያለ ፕላትሌት ከከፋ ውጤት ጋር እንደሚያያዝ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። የማህፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ሲሆን፣ ዋና ምልክቱ መድማት ነው። ብዙ የደማች ሴት የብረት ማዕድን ያንሳታል፤ የብረት እጥረት ደግሞ በራሱ ፕላትሌት ያበዛል። የሳንባ ነቀርሳ፣ ሌላ ኢንፌክሽን፣ ቀዶ ሕክምና፣ የጣፊያ መውጣትም እንዲሁ ያደርጋሉ። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይታ «ካንሰር ነው» ብላ የምትደነግጥ እህቴን አደራ የምላት፣ ሐኪሙ መጀመሪያ እነዚህን እንዲያጣራ ነው። በፍርሃት አስፕሪን ገዝቶ መዋጥም መፍትሔ አይደለም፤ የሚደማን ሰው የባሰ ያደማዋል።

በእንግሊዝ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ጥናት ልኩን ያሳያል። ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሴቶች መካከል ፕላትሌታቸው ከፍ ካለባቸው 6.2 በመቶ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ ካንሰር ተገኘባቸው፤ ቁጥራቸው ጤናማ ከሆነው ግን 2.2 በመቶ። ከመቶው ከዘጠና የሚበልጡት በዚያ ዓመት ካንሰር አልተገኘባቸውም። ልዩነቱ ግን ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረው፤ እንዲህ ያለውን ልዩነት የያዘች ቁጥር ሳትነበብ መታጠፍ የለባትም።

በተለይ ካረጠች በኋላ የምትደማ፣ ሆዷ እየተነፋ ቶሎ የምትጠግብ ሴት ወደ ሐኪም ስትሄድ የድሮ የሲቢሲ ወረቀቶቿን ይዛ ብትሄድ መልካም ነው። ፕላትሌቷ ለዓመታት 460,000 አካባቢ የቆየ ሴትና ከ220,000 ተነስቶ በስድስት ወር 460,000 የደረሰባት ሴት፣ ዛሬ በያዙት ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ነው ያላቸው። የሚለያቸው ከቤት ይዘውት የሚመጡት የአምናው ወረቀት ነው።